ጭራቁ ይታይ ወይስ ይደበቅ? ከድሮዎቹ ርካሽ ሆረሮች የቱን ማየት ይሻላል

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ ያሉትን ልጆች ሰብስቤ በ1953 የተሠራ ፊልም ከፈትኩላቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሰውን ዘር ሊጨርስ ከሌላ ዓለም የመጣ ጭራቅ ከዋሻ ይወጣል። ከአንገቱ በታች ጎሪላ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ባሕር ጠላቂዎች የሚያጠልቁት ዓይነት የብረት ቆብ አለ። ቆቡ ላይ ደግሞ አንቴና ተተክሏል። የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ትንሽ ዝም ብላ አየችውና "ጋሼ፣ ዝንጀሮው ለምንድነው ድስት የደፋው?" አለችኝ።

መልሱ አጭር ነው፦ ገንዘብ የለም። የ"ሮቦት ሞንስተር" ዳይሬክተር ፊል ተከር ሮቦት የሚያሠራበት አቅም አልነበረውም። ግን ጆርጅ ባሮውስ የሚባል ተዋናይ ያውቃል። ባሮውስ የራሱ የጎሪላ ልብስ አለው። ልብሱን ከነባለቤቱ ወሰደው፤ ቆብ ደፋበት፤ ሮቦት ሆነ። ፊልሙ በአራት ቀን ተቀርጾ አለቀ።

እኔ እንዲህ ያለ ፊልም ነፍሴ ነው። ጓደኞቼ ይህን ስለሚያውቁ "እስቲ አንድ ምረጥልኝ" ይሉኛል። ችግሩ፣ "የድሮ ርካሽ የሳይንስ ፊክሽን ሆረር" ተብለው በአንድ የሚጠሩት ፊልሞች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። አንዱ ሆድ እስኪያም ያስቃል። ሌላው ሌሊት ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም ያሰኛል። የመጀመሪያውን ያለቦታው ያየ ሰው ደግሞ ሁለተኛውን አይሞክርም።

ስለዚህ በአንድ ጥያቄ ነው የምለያቸው። ጭራቁን ያሳያል ወይስ ይደብቃል? እጅ ሲያጥር ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ የተገኘውን ልብስና ጨርቅ "ይኸው ጭራቅ" ብሎ ካሜራ ፊት ማቆም ነው፤ ሼም የሚባል ነገር የለም። ሌላው ጭራቁን ትቶ ጨለማውን፣ ድምፁንና የፈራውን ሰው ፊት ማሳየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ከሰው ጋር ይታያሉ፣ ሁለተኛዎቹ ለብቻ። ይህን ያልለየ ሰው ነው "ቀሽም ፊልም ነው" ብሎ የሚዘጋው።

ፖስተሩን አትመኑ

ወደ ፊልሞቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሲኒማ ቤቶቻቸውን እንዲለቁ ያስገደደ ውሳኔ ሰጠ። ቴሌቪዥን ደግሞ አባወራውንና እማወራዋን ቤት አስቀመጣቸው። ለሲኒማ የተረፈው ወጣቱ ነው። እሱም ጓደኛውን ይዞ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊልም ወደሚታይበት ሜዳ ይሄዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ከ4,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሜዳዎች ነበሩ። በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ይታያል። ብዙዎቹ ከ60 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ለእኛም ጥሩ ሆነልን፤ ዳታ ይቆጥባል።

ይህን ገበያ በደንብ የገባው አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ የሚባለው ድርጅት ነበር። መጀመሪያ ርዕሱ ይወጣል። ቀጥሎ ፖስተሩ ይሣላል። ሁለቱ ገበያ ካላቸው ነው ድርሰቱ የሚጻፈው። ስለዚህ ፖስተሩ ላይ ከተማ የሚያፈርስ አውሬ ካያችሁ፣ ፊልሙ ውስጥ አንድ ዋሻና አራት ሰው ልታገኙ ትችላላችሁ።

የሚያሳዩት

እዚህ ጎራ ውስጥ ጸቡ ሁልጊዜ በ"ሮቦት ሞንስተር" እና በ"ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ" መካከል ነው።

ፕላን ናይን፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሙታንን የሚያስነሡበት፣ ዳይሬክተሩ ኤድ ዉድ በ1956 መጨረሻ አካባቢ የቀረጸው ሥራ ነው። በድራኩላ ሚና የሚታወቀው ቤላ ሉጎሲ በ1956 ነሐሴ ላይ ሞተ። ዉድ እጅ ላይ ሉጎሲ ከመሞቱ በፊት የተቀረጸ ጥቂት ደቂቃ ምስል ቀርቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ምስሉን ለማስታወሻ ያስቀምጠዋል። ዉድ ፊልም ሠራበት። የጎደለውን እንዲሞላለት የሚስቱን ሐኪም፣ ወገብና አከርካሪ የሚያክመውን ሰውዬ፣ ካባ አለበሰው። ሰውየው ከሉጎሲ ይረዝማል፤ መልኩም አይመስልም። ስለዚህ ካሜራ ፊት በቀረበ ቁጥር ካባውን እስከ ዓይኑ ድረስ ስቦ ነው የሚንቀሳቀሰው። ወጪውን የቻሉት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። ዉድና አንዳንድ ተዋናዮቹ ለዚሁ ሲሉ ተጠመቁ ይባላል። የመቃብር ድንጋዮቹ ሰው ሲነካቸው ይወዛወዛሉ። የአውሮፕላኑ አብራሪዎች ክፍል መጋረጃ ነው። አንድ ትዕይንት ቀን ይጀምርና ሌሊት ያልቃል።

ታዲያ ምኑ ነው የሚያምረው? ዉድ እየቀለደ አይደለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ሰውየው ከልቡ ነው የሚሠራው። ተዋናዮቹ የሚሉትን አምነው ይሉታል። ሆን ተብሎ ቀሽም ተደርጎ የተሠራ ፊልም በአሥር ደቂቃ ይሰለቻል። ይህኛው ግን አይሰለችም፤ ወዳጅ ካለ። ብቻዬን ሁለት ጊዜ ሞክሬው ሁለቴም እንቅልፍ ወስዶኛል። አምስት ሰው ሆነን ስናየው ግን ጎረቤት መጥቶ ዝም በሉ አለን።

"ሮቦት ሞንስተር" ያጥራል፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ቀሽምነቱ ከፕላን ናይን ይብሳል። ዋሻው በር ላይ የሳሙና አረፋ የሚተፋ መሣሪያ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ ማንም አያብራራም። ማሽኑ ግን ፊልሙ መግቢያ ላይ ከሰዎቹ ጋር ስሙ ተጽፏል። ሙዚቃውን የደረሰው ኤልመር በርንስታይን ነው፤ በኋላ ኦስካር የወሰደው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙት ትልቅ ፊልም ይመስላችኋል።

ከሁለቱ የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ ምክንያቴ አንድ ትዕይንት ነው። ጎሪላው የሰውን ዘር በሙሉ ጨርሶ ጥቂት ሰዎች ቀርተውታል። አለቃው እነሱንም ግደል ብሎታል። እሱ ደግሞ ከመካከላቸው ያለችውን ልጅ ወዷታል። ከተራራው ሥር ብቻውን ቆሞ፣ አልችልም፣ ግን ግዴታዬ ነው ይላል። ከዚያ "ግዴታ" እና "አልችልም" የሚገናኙት ግራፉ ላይ የት ነጥብ ላይ ነው ብሎ ይጠይቃል። ጎሪላ! ድስት የደፋ! ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ይህን የጻፈው ሰው አንድ ቀን እውነት ቸግሮት ይሆናል ብዬ ነው ያየሁት።

ቅርጹ እንዲህ አስቂኝ ሆኖ ሥራው ግን ደህና የሆነ ከፈለጋችሁ የሮጀር ኮርማን ፊልሞች አሉላችሁ። ኮርማን በ2024 በ98 ዓመቱ ነው የሞተው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ነው። ትምህርቱ የጠቀመው ግን ቀን ለመቆጠብ ነው። በ1960 "ዘ ሊትል ሾፕ ኦፍ ሆረርስ" የሚለውን፣ ሰው የሚበላ አበባ ያለበትን ፊልም፣ ለሌላ ሥራ የተሠራ የመቅረጫ ቤት ሳይፈርስ ዋናውን ክፍል በሁለት ቀን ቀረጸው። ጃክ ኒኮልሰን ገና ማንም ሳያውቀው እዚያ ውስጥ ጥርስ መነቀል የሚያስደስተው በሽተኛ ሆኖ ብቅ ይላል።

ከዚያ በፊት በ1956 "ኢት ኮንከርድ ዘ ወርልድ" የሚል ሠርቶ ነበር። ጭራቁ ከቬነስ ነው የመጣው። የስበት ኃይል በከበደበት ዓለም የሚኖር ፍጡር አጭርና ድቡልቡል መሆን አለበት ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ያስኬዳል፤ የቬነስ ስበት ግን ከምድር በጥቂቱ ያንሳል። ዋናዋ ተዋናይ ቤቨርሊ ጋርላንድ መጥታ ጭራቁ አጠገብ ቆመች፤ ቁልቁል አየችው። "አንተ ነህ ዓለምን የምትይዘው?" ብላ በእርግጫ አለችው። ኮርማን ራሱ ሲያወራው የኖረ ታሪክ ነው። ከሰዓት በኋላ ጭራቁ ቁመት ጨምሮ ጠበቃት።

መሀል ላይ ያሉት

"ዘ ብሎብ" የ1958 ነው፤ ባለቀለም ነው። ከሰማይ የወደቀ ዝልግልግ ነገር ሰው በበላ ቁጥር ይቀላል፣ ያብጣል። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ሃይማኖታዊ ፊልም ሲሠሩ በነበሩ ሰዎች፣ ወደ 110,000 ዶላር በሚሆን ገንዘብ ተሠራ። ጭራቁ ቀይ ቀለም የገባበት ሲሊኮን ነው። አለቀ፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ትንሿን የቤት ሞዴል ከነካሜራዋ ያጋድሏታል፣ ሲሊኮኑም በራሱ ጊዜ ይንፏቀቃል። ልብስ የለበሰ ሰው አይደለምና የሚያስቅ ዚፕ አይታይም። ስለዚህ አላረጀም።

የ"ብሎብ" መሪ ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኖ ሲተውን ዕድሜው 27 ነበር፤ ግንባሩ ይናገርበታል። ከትርፉ ድርሻ ትወስዳለህ ወይስ በቁርጥ እንክፈልህ ሲሉት ቁርጡን መረጠ፤ 3,000 ዶላር። ፊልሙ ሚሊዮኖች አስገባ። በፊልሙ ውስጥ ሰዎች እየጮኹ የሚሮጡበት ሲኒማ ፊኒክስቪል ከተማ ዛሬም አለ። በየዓመቱ በሐምሌ ወር ሕዝቡ ተሰብስቦ ያንኑ ሩጫ ይደግመዋል።

ከ"ብሎብ" ጋር የማነጻጽረው "ዘ ኪለር ሽሩስ"ን ነው፤ የ1959። እንደ አይጥ ያለች ሹል አፍንጫ እንስሳ በሙከራ ስህተት ገዝፋ ደሴት ላይ ሰው ትበላለች። አውሬዎቹ ውሾች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ምንጣፍ የመሰለ ጸጉር የታሰረባቸው። ከሩቅ ጅራታቸውን ሲቆሉ ታያላችሁ፤ ደስ ብሏቸዋል። ሆኖም ዳይሬክተሩ ብልጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጠንና ግድግዳው ሲቧጨር ያሰማናል። መጨረሻ ላይ ሰዎቹ የኬሚካል በርሜሎችን በላያቸው ደፍተው አንድ ላይ ያስሩና ከውስጥ እያጎነበሱ ወደ ባሕሩ ይሄዳሉ። ያየሁት ሁሉ ሰው እዚህ ጋ ይስቅና ወዲያው ዝም ይላል፤ ምክንያቱም እሱም ቢሆን የተሻለ ሐሳብ የለውም።

ሁለቱን ላስቀምጥላችሁ፦ ቤተሰብ ካለ "ብሎብ"፤ የሚቀልድ ጓደኛ ካለ ውሾቹ።

የሚደብቁት

አሁን ወደ ልቤ ደረስኩ።

ሄርክ ሃርቪ በካንሳስ ግዛት ሎውረንስ ከተማ ለትምህርት ቤትና ለፋብሪካ የማስተማሪያ ፊልም የሚሠራ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ከካሊፎርኒያ በመኪና ሲመለስ ዩታ ውስጥ በጨው ሐይቁ ዳር አንድ የተተወ ትልቅ የመዝናኛ አዳራሽ አየ፤ ሳልትኤር ይባላል። ያ ቦታ ከአእምሮው አልጠፋ አለ። 33,000 ዶላር አሰባሰበና በ1962 የወጣውን "ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ" ሠራ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሌላ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም የለውም።

አንዲት ሴት ያለችበት መኪና ከድልድይ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከሰዓታት በኋላ ከጭቃው ብቻዋን ትወጣለች። እንዴት እንደተረፈች አታውቅም። ተነሥታ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የመጫወት ሥራ አላት። ማታ ስትነዳ የመኪናዋ መስታወት ላይ የአንድ ሰው ፊት ይታያታል። ፊቱ ነጭ ዱቄት የተቀባ ነው። ሌላ ነገር የለውም። ዱቄት ብቻ! ሃርቪ ራሱ ነው የሚተውነው፤ ለሌላ ተዋናይ መክፈል ቀረለት።

ግን እኔን የሚያስፈራኝ ሰውየው አይደለም። ሴትዮዋ ሱቅ ገብታ ልብስ ትለካለች። ስትወጣ ድምፅ በሙሉ ጠፍቷል። የሻጯ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል፤ ድምፅ የለም። የሚሰማው የራሷ ጫማ ብቻ ነው። ማንም አያያትም። ይህ ትዕይንት ስንት ፈጀ? ምንም፤ ድምፁን አጠፉት እንጂ። መቶ ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ፊልም እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ፊልም ሳይንስ ፊክሽን አይደለም። መንፈስ ነው። ዝርዝሬ ውስጥ ያስገባሁት መተው አቅቶኝ ነው።

ሳይንስ ፊክሽኑ አይቅርብን የምትሉ "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ" አለላችሁ፤ የ1968። ጆርጅ ሮሜሮና ጓደኞቹ ፒትስበርግ አካባቢ በ114,000 ዶላር ገደማ ሠሩት። ሙታን የሚነሡት ከቬነስ የተመለሰች መንኮራኩር ባመጣችው ጨረር ሳይሆን አይቀርም ይባላል፤ እሱም በቴሌቪዥን ዜና። "ዞምቢ" የሚለው ቃል አንዴም አይጠራም። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ማን ይለየዋል። ስለዚህ ይህ ፊልም ጭራቁን ያሳያል፤ ግን ጭራቁ በሌሊት ልብስና በሱፍ የሚራመድ ጎረቤት ነው። ፍርሃቱ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ምድር ቤት እንግባ፣ አንግባ እያሉ በሚጨቃጨቁት ሰዎች መካከል። መሪ ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ ጥቁር ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አይነሣም። መጨረሻውን አልነግራችሁም።

"ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ" ከእነዚህ ጋር ሲተያይ ሀብታም ነው፤ በ1956 ደህና ስቱዲዮ ነበረው። ግን ጭራቅ የለውም። ሰው ሲተኛ ትልልቅ ፍሬ ውስጥ የሚያድግ አምሳያው ይተካዋል። መልኩ ያው ነው፤ ትዝታው ያው ነው፤ ስሜት ብቻ የለውም። አንድ ልጅ እናቱን እየሸሸ "እናቴ አይደለችም" ይላል። በቃ፣ ይሄ ይበቃል። አንድ ምክር፦ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለው የሆስፒታል ክፍል ስቱዲዮው አስገድዶ ያስጨመረው ነው። ዳይሬክተሩ ዶን ሲገል ሊጨርስ የፈለገው ሰውየው አውራ ጎዳና ላይ መኪኖች መሀል በሚጮህበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ አጥፉት።

ብቻ የምታዩት ከሆነ፦ ከሦስቱ መጀመሪያ "ካርኒቫል"። የሚጮህና የሚሮጥ ካልሆነ የማይሆንላችሁ ከሆነ የሮሜሮው።

አንድ ከሁለቱም የወጣ

ማሪዮ ባቫ በ1965 ጣሊያን ውስጥ "ፕላኔት ኦፍ ዘ ቫምፓየርስ" ሲሠራ አንድ ሙሉ ፕላኔት ያስፈልገዋል። ያለው ሁለት የፕላስቲክ ድንጋይ ነው፤ እነሱም ከሌላ ፊልም የተረፉ። ድንጋዮቹን በመስታወት አበዛቸው፣ ስቱዲዮውን በጭስ ሞላው፣ ጭሱን በቀይና በአረንጓዴ መብራት ቀባው። ተዋናዮቹ ከየአገሩ ስለመጡ እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ነበር የሚናገረው። ታሪኩ ትንሽ ደባሪ ነው፤ አልዋሽም። ምስሉ ግን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። ሲያዩት የሚያርፉበት ፊልም ለሚፈልግ ይሄ ነው።

ባቫን ባየሁ ቁጥር በ2015 የወጣው፣ እኛው አገር፣ በአማርኛ፣ የተቀረጸው "ክራምስ" ትዝ ይለኛል። የድሮ አይደለም፤ ሆረርም አይደለም። ዓለም ካለቀች በኋላ የሚኖር ሰው ታሪክ ነው፤ ዳንኤል ታደሰ ነው የሚተውነው። ባቫ በጭስ የፈጠረውን እነሱ ዳሎል ሄደው አገኙት። ዳሎልን ለመገንባት የሚበቃ በጀት ደግሞ የትም የለም።

ቅጂ ስትመርጡ

የሮሜሮው ፊልም ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ምልክቱ አብሮ ወጥቶ ቀረ። በወቅቱ ሕግ ደግሞ ምልክት ከሌለ መብት የለም። ስለዚህ ማንም ያሳትመዋል፣ ማንም ኢንተርኔት ላይ ይለጥፈዋል። "ካርኒቫል"፣ የኮርማን አበባና ውሾቹም በነጻ ይገኛሉ። ነጻ ማለት ግን አብዛኛው ቅጂ የተጨማለቀ ነው ማለት ነው።

ለሚያሳዩት ፊልሞች ይህ ምንም አይደለም። ምስሉ ቢደበዝዝ ጎሪላው ያው ጎሪላ ነው። ለሚደብቁት ግን ትልቅ ነገር ነው። ጨለማው ግራጫ ከሆነ ፍርሃቱ አብሮ ይሄዳል። የሮሜሮውን በ2016 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ያሳደሰውን ቅጂ ፈልጉ። በኮምፒውተር ቀለም የተቀባውን ደግሞ አትንኩት፤ የሙታኑ ፊት አረንጓዴ ሆኖ አንድ ጊዜ አይቼ ሳቄ መጣ፣ ፊልሙም ተበላሸ። ስልክ ላይ ከማየት ላፕቶፕ ይሻላል፤ መብራት አጥፍታችሁ።

ልጆች ካሉ የሮሜሮውን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ሥጋ ሲበላ ይታያል። "ሮቦት ሞንስተር" እና "ብሎብ" ችግር የላቸውም ብዬ ነበር። በሳምንቱ ለእህቴ ልጅ "ብሎብ"ን አሳየኋት። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ ተኛች። ጠዋት እናቷ ዳቦ ላይ ቀይ ማርማላታ ቀብታ ብታቀርብላት ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ፣ እስኪንቀሳቀስ ትጠብቀው ጀመር።